ገጹ ላይ የተሸከምኩት ድንጋይ

ያን ጊዜ የደብረ ታቦር ሰው ግማሹ ደብዳቤውን የሚቀበለው በእኔ ኢሜይል ነበር። ግማሹ ማለቴ ትንሽ ማጋነን አለበት፣ አውቃለሁ። ግን ኢሜይል ከሚባለው ነገር ጋር ጉዳይ የነበረውን ሰው ብቻ ብንቆጥር ከግማሽ ይበልጣል እንጂ አያንስም። መስኮቴ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጥሬ፣ የመጣውን ደብዳቤ አትሜ፣ አጥፌ፣ ስም ጽፌበት በልብስ መቆንጠጫ አንጠለጥለዋለሁ። መንገደኛው ቆም ብሎ ስሙን ይፈልጋል፤ የራሱን ካጣ የጎረቤቱን አይቶ ሄዶ ይነግረዋል። በገበያ ቀን መስኮቴ ፊት የሚቆመው ሰው ጎኔ ካለው ሥጋ ቤት ፊት ከሚቆመው አያንስም ነበር።

ከዚያ በፊት ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር የጽሕፈት መኪና ይዤ የምቀመጥ ራፖር ጻፊ ነበርኩ። የሰው ክስ፣ የሰው ይግባኝ፣ የሰው ማመልከቻ ስቀጠቅጥ ጣቴ ደንድኗል። የዘጠናዎቹ አጋማሽ ሲያልፍ ባሕር ዳር ሄጄ የሦስት ሳምንት የኮምፒውተር ሥልጠና ገባሁ። በሁለተኛው ሳምንት አሠልጣኙ ኢንተርኔት የሚባለውን ከፈተልን። አንድ ቃል ጻፉ አለን፤ “ጉና” ብዬ በላቲን ፊደል ጻፍኩ። የእኛው ጉና ተራራ፣ ቤታችን በር ላይ ሆኜ ሳየው ያደግሁት ተራራ፣ ሰው በማላውቀው አገር ስለ እሱ የጻፈው ነገር ተደርድሮ መጣልኝ። ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ። አሠልጣኙ ምን ሆንሽ ቢለኝ ተራራዬን በጣቴ አሳየሁት። ያን ቀን ምሳም አልበላሁ። የጽሕፈት መኪናዬን ሸጬ፣ ከእቁብ የደረሰኝን ጨምሬ፣ በዓመቱ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ የስልክ መስመር ይዤ የከተማችንን የመጀመሪያ ኢንተርኔት ቤት ከፈትኩ።

ሞደሙ መስመር ሲፈልግ መጀመሪያ ያፏጫል፣ ቀጥሎ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ዝም ሲል ገብተናል ማለት ነው። ያ ዝምታ በመጣ ቁጥር ደስታ አንጀቴን ያርሰው ነበር። ደንበኞቼም ለመዱት፤ ሲያንኮራፋ ማንም አይናገርም፣ ዝም ሲል ሁሉም “ተመስገን” ይላል።

አሁን ስለ ጥፋቴ ልናገር። በእኛ አገር የፖስታ ሣጥን የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም። የትምህርት ቤቱ ሣጥን ቁጥር የመምህሩም፣ የተማሪውም፣ ተማሪው የመጣበት ቀበሌ ገበሬ ሁሉም ነበር። ፖስታው ላይ “በእገሌ በኩል ለእገሌ ይድረስ” ተብሎ ይጻፋል፣ እገሌም ያደርሳል። ስለዚህ ሰው መጥቶ “አድራሻ ስጪኝ፣ ልጄ እንዲጽፍልኝ” ሲለኝ ያለ አንዳች ሐሳብ የራሴን ሰጠሁት። ለሁለተኛውም፣ ለሃምሳኛውም እንዲሁ። ለእያንዳንዱ ሰው በነፃ የራሱን መክፈት እችል ነበር፤ ሞክሬም ነበር። የሚስጥር ቃል ምረጡ ስላቸው ግን “ከማን ልደብቅ ብዬ?” እያሉ ይቀየሙኛል። እውነቱን ለመናገር እኔም አልገፋሁበትም። የአገሩ ወሬ በሙሉ በእኔ ሣጥን በኩል ሲያልፍ ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ከከተማው ወጣ ብሎ በጋፋት መንገድ ላይ የሚኖሩ የባና ሸማኔ ናቸው። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ የጉና ብርድ እሱን ለብሶ ለተኛ ሰው ወሬ ብቻ ነው። ጠጉሩን ሚስታቸው ያፍታቱታል፣ ይፈትሉታል፤ እሳቸው ከሽመናው ዕቃ ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ሰድደው ቀኑን ሙሉ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ይልኩታል። በዚያ ዓመት ግን አበባ የታተመበት፣ ቀላልና ርካሽ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ገበያውን ሞላው። የአጎቴ ባና ጓዳ ውስጥ ተቆልሎ ተቀመጠ።

የኅዳር ሚካኤል ዝክር እሳቸው ቤት ነበር። ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲጨዋወት አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ለገና ይህ ቁልል ካልተነሣ የሽመናውን ዕቃ ለአናጢ ሸጠው እብናት ልጃቸው ዘንድ እንደሚገቡ ተናገሩ። እንደ ቀልድ ነበር ያሉት። ሚስታቸው ግን ቀና አላሉም፣ ያኔ ቁም ነገር መሆኑ ገባኝ። እናቴ አለቀሰች። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተነሥቼ “ጋሼ፣ እስከ ገና ስጡኝ። ባናዎን እኔ ለዓለም አሳየዋለሁ” አልኩ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። አጎቴ ግን አልሳቁም፤ እሺ፣ እስከ ገና ሰጥቼሻለሁ አሉኝ።

በማግስቱ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ሄድኩ። ገጽ እንሠራለን አልኳቸው። የት ነው የሚቀመጠው አሉኝ። ባሕር ማዶ ባለ፣ ቀንና ሌት በማይጠፋ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ማንም ባለበት ሆኖ ቢያንኳኳ ይከፈትለታል፤ የገበያ ቀን የሌለው ገበያ በሉት አልኩ። የገበያ ቀን ከሌለ ሰው በምን ያውቃል አሉ። ገጾችን ሁሉ እየዞረ የሚያነብ፣ ማን የት ምን እንዳለው መዝግቦ የሚይዝ ፈላጊ አለ፤ ሰው “ባና” ብሎ ሲጠይቀው ወደ እኛ ይመራዋል አልኩ። ሳንጠራው ራሱ እየዞረ ይመዘግባል? ብለው ጠየቁኝና፣ አዎ ስላቸው ግብር ሰብሳቢ መሆን አለበት አሉ።

አንድ ነገር ግን አላስቀመጣቸው አለ። ያ ሁሉ ሥዕልና ጽሑፍ በአንዲት ቀጭን የስልክ ሽቦ እንዴት ያልፋል? እኔም የተማርኩትን እሳቸው በሚያውቁት ቋንቋ ነገርኳቸው። አንድ ሰው ጎተራ ሙሉ ገብስ ከዚህ እብናት ቢልክ በአንድ አህያ አይጭነውም፤ በብዙ አህያ ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ጭነት ላይ የተቀባዩን ስምና ተራ ቁጥር ጽፎ ይለቃቸዋል። አንዷ በላይኛው መንገድ፣ አንዷ በታችኛው ትሄዳለች፤ እብናት ሲደርሱ ተቀባዩ በቁጥራቸው ደርድሮ ጎተራውን ይሞላል። ደብዳቤውም ሥዕሉም የሚጓዘው እንዲህ ተቆራርጦ ነው።

አጎቴ አሰብ አደረጉና፣ “አንዷ አህያ መንገድ ላይ ብትቀርስ?” አሉ።

ይኸን ጥያቄ ባሕር ዳር ከሠለጠንነው አንዳችንም አልጠየቅነውም ነበር። ተቀባዩ ይቆጥራል አልኳቸው፤ ስድስተኛዋ አልደረሰችም ብሎ ይልክበታል፣ ላኪው ዋናውን ቤቱ አስቀምጦ ቅጂውን ስለሚጭን ያንኑ እንደገና ይጭናል። ከኛ ነጋዴዎች ይሻላል እንግዲያው ብለው ተስማሙ።

ገጹን ስንጽፍ ግን ተጣላን። አጎቴ “ይድረስ ለተከበራችሁ እንግዶቻችን፣ ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን” ብለው ጀመሩ። ጋሼ፣ ይኼ ደብዳቤ አይደለም፤ ሰው ገጽ ላይ ብዙ አይቆይም፣ ቶሎ ወደ ባናው እንግባ አልኳቸው። ሰላምታ ሳይቀበል የሚገባ ሰው ቢሄድ ይሻላል አሉኝ። ተከራከርኩ፣ ተናደድኩ፣ ተሸነፍኩ። ሰላምታው ከላይ ገባ። ያን ጊዜ የአማርኛ ፊደል በብዙ ኮምፒውተር ላይ ባዶ አራት ማዕዘን እየሆነ ስለሚታይ ጽሑፉን እንደ ሥዕል አድርጌ ለጠፍኩትና ከሥሩ በእንግሊዝኛ ደገምኩት። የኮሌጁ የኬሚስትሪ መምህር፣ ከወላይታ የመጣ ደግ ሰው፣ ያገሩ ብቸኛ በሆነው ዲጂታል ካሜራው ባናውን አነሣልኝ። የስልክ ቁጥር አላስቀመጥኩም፤ ሞባይል ገና አልደረሰንም፣ ያለኝን አንድ መስመር ደግሞ ሞደሙ ይዞታል። መጻፊያ አድራሻው፣ መቼም ገምታችኋል፣ የእኔው ሣጥን ነው።

ገጹን ሰቀልኩት። ግርጌው ላይ የሚመጣውን ሰው የሚቆጥር ትንሽ መቁጠሪያ አድርጌበታለሁ። በሳምንቱ አርባ ሦስት አለ። አርባ ሦስት! ሥጋ ቤት ገብቼ ነገርኩ፣ ለፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ነገርኩ፣ ለመንገደኛ ሁሉ ነገርኩ። አርባ ሦስት የውጭ አገር ሰው ባና አየ እየተባለ በከተማው ተወራ። ሲመሽ ግን አንድ ሐሳብ ወጋ አደረገኝ። ሳምንቱን ሙሉ ዘመድ አዝማድ ገጹን ሊያይ እየመጣ ነበር፤ እናቴ ብቻ አራት ጊዜ፣ የአጎቴ ሚስት ከነጎረቤቶቻቸው፣ የዝክሩ ሰዎች። በከፈትኩላቸው ቁጥር መቁጠሪያው አንድ ይላል። ወረቀት አውጥቼ ለማን ለማን እንደከፈትኩ አስታውሼ ጻፍኩ። አርባ አንዱ እኛው ነን።

አፍሬ ሄጄ ለአጎቴ እውነቱን ተናገርኩ። የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው አልኩ።

“ሁለት እንግዳ ትንሽ ነው እንዴ?” አሉኝ። “ምን ይሉ ይሆን ብለሽ ጠብቂያቸው።”

ጠበቅኩ። አንድም ደብዳቤ አልመጣም። ልብ ብዬ ሳየው ገጹ ከተሰቀለ ወዲህ ለአጎቴ ብቻ ሳይሆን ለማንም አልመጣም፤ ሲባጎዬ ባዶውን ተወጥሮ ቀረ። መጀመሪያ መስመሩን ረገምኩ። ቀጥሎ ጾመ ነቢያት ገብቷል፣ ሰው በጾም ደብዳቤ አይጽፍም ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅ። በዚያ መሀል አናጢው አጎቴ ቤት ሄዶ የዕቃውን እንጨት በስንዝር ለክቶ መመለሱን እናቴ ነገረችኝ። እሳቸውም ቃላቸውን አክብረው ገናን ይጠብቃሉ እንጂ ልባቸው መሄድ ጀምሯል ማለት ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን የኬሚስትሪው መምህር ከባሕር ዳር ስብሰባ ተመልሶ አንድ ወረቀት ይዞ ገባ። ኮምፒውተር እንድይዝለት ከዚያ ጽፎልኝ ነበር፤ ደብዳቤው ተመልሶበታል። ወረቀቱን ዘረጋልኝ። የተቀባዩ ሣጥን ስለ ሞላ መልእክቱ አልገባም ይላል። የራሴን ሣጥን ከፈትኩ። ከላይ ቀይ መስመር አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንብቤው የማላውቀው ቀይ መስመር ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ሎተሪ ደረሰሽ፣ ይህን ግዢ የሚል ማስታወቂያ ስለሚመላለስ እሱም ማስታወቂያ መስሎኝ ነበር። “ሣጥንዎ ሞልቷል” ነው የሚለው። ሁለቱ እንግዶች ጽፈው ቢሆንስ? ደጅ ድረስ መጥተው ተዘግቶባቸው ቢሆንስ?

ምን ሞላው ብዬ ስፈልግ አገኘሁት። ጂንካ የምታስተምር አንዲት ልጅ ለእናቷ ዘጠኝ የክርስትና ፎቶ ልካለች፣ እያንዳንዱ ሳይቀነስ ከነሙሉ መጠኑ። እናቷ በርበሬ የሚሸጡ እማማ ናቸው፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ለማየት በየገበያው ቀን እየመጡ ሲጠይቁኝ፣ መስመሩ ደካማ ነው፣ ፎቶው አይከፈትልኝም፣ ሌላ ቀን እያልኩ እመልሳቸው ነበር። በአንድ ጣት ጠቅ አድርጌ ላጠፋው እችል ነበር። ጣቴ አልታዘዘኝም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። እሳቸው ያላዩትን ሕፃን እኔ እንዴት አድርጌ ላጥፋው?

በሩን ዘጋሁ። ዘጠኙን ፎቶ አንድ በአንድ ወደ ራሴ ኮምፒውተር ማውረድ ጀመርኩ። አንዱ ግማሽ ላይ ሲደርስ መስመሩ ይቆረጣል፤ ሞደሙ እንደገና ያፏጫል፣ ያንኮራፋል፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ሕፃኑ ከግንባሩ ጀምሮ ቀስ እያለ ይመጣል፤ ግንባር፣ ቅንድብ፣ ከዚያ ይቋረጣል። አፍንጫው ላይ ሦስት ጊዜ ቆመብኝ። እየተሳደብኩ፣ እየለመንኩ፣ ምሳዬን ረስቼ ዘጠነኛው ሲገባ ወደ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ያኔ ከሣጥኑ አጠፋኋቸው። ቀዩ መስመር ጠፋ። ወዲያው አንድ ደብዳቤ ገባ፣ ቀጥሎ ሌላ፤ እስኪመሽ ሰባት ደብዳቤ መጣና ሲባጎዬ ሞላ። ለአጎቴ የተጻፈ ግን የለም። የተመለሰ ደብዳቤ ራሱ ተነሥቶ አይመጣም፤ ላኪው ሁለተኛ ካልላከው በቀር ቀረ።

በማግስቱ ከጅረቱ ዳር አንድ ድንጋይ መረጥኩ። ያጠፋ ሰው ድንጋይ ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ የበደለው ሰው ፊት ይቆማል፤ ተበዳዩ አውርድ እስኪለው ድረስ አያወርድም። የአገራችን ይቅርታ እንዲህ ነው። ትንሽ ድንጋይ መርጦ መሄድ ይቻል ነበር፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። እኔ በራሴ ተናድጄ ስለነበር ትልቁን አነሣሁ። በመንገድ ያገኘኝ ሁሉ ማንን አስቀይመሽ ነው ይለኛል፤ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

አጎቴ ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። መወርወሪያው በኬሻ ተጠቅልሎ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል፤ እግራቸውን የሚያስገቡበት ጉድጓድ ሕፃን እንዳይገባበት በሳንቃ ተከድኗል። ያን ሳንቃ ሳይ ድንጋዩ እጥፍ ከበደኝ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሣጥኑ እንደ ሞላ፣ ቀዩን መስመር እንዳላነበብኩ፣ ምናልባት እንግዶቹ ጽፈው እንደተመለሰባቸው። እንግዲህ አህያዋ በሰላም ደርሳ ደጅ ተዘግቶባት ተመለሰች ማለት ነዋ አሉ። አዎ አልኳቸው፤ ይቅር በሉኝ።

“እኔን ምን አደረግሽኝ?” አሉ። “ያስቀየምሽው ደጅ ደርሶ የተመለሰውን እንግዳ ነው። ድንጋዩን ወደ እሱ ውሰጂው።”

“የት እንዳለ አላውቅም እኮ፣ ጋሼ።”

“መጥቶ ያየበትን ቦታ ታውቂው የለ?”

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገጹን ማለታቸው እንደሆነ ሲገባኝ ድንጋዩን እንደተሸከምኩ መዝለል አማረኝ። መምህሩን ከነካሜራው ጠርቼ አመጣሁት። ከተቆለለው ባና ፊት፣ ድንጋዩ ትከሻዬ ላይ ሆኖ፣ አንገቴን ደፍቼ አነሣኝ። አጎቴ ከጎኔ ቆሙ፤ መምህሩ ሳቅ ይበሉ ቢላቸው ይቅርታ እየተጠየቀ ምን ያስቃል አሉት። ፎቶውን አሳንሼ ሰቀልኩት፤ ማሳነስ የሚባለውን ትምህርት መቼም በደንብ ተምሬአለሁ። ከሥሩም እሳቸው እየነገሩኝ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፦ “ደጃችን ደርሳችሁ ደብዳቤያችሁ ለተመለሰባችሁ ሁለት እንግዶች። ሣጥናችንን ሞልታ የዘጋችባችሁ ይህች ናት። አውርጂ እስክትሏት ድረስ ተሸክማዋለች።”

አስቡት፤ ዓለም ሁሉ በሚገባበት ገጽ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ ቆሜአለሁ። ያፈርኩ መስሏችሁ ይሆናል። አላፈርኩም። የሆነ ቦታ አንድ ሰው ቢያንኳኳ፣ እኔ ተኝቼ ቢሆን እንኳ፣ እዚያ ጎንበስ ብዬ ያገኘኛል። ኢንተርኔት ምን እንደሆነ ለደንበኞቼ ሁለት ዓመት ሳስረዳ ቆይቼ ለራሴ የገባኝ በዚያ ሳምንት ነው።

ዘመዶቼን በሙሉ ገጹን እንዳታዩ ብዬ ከለከልኩ። ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ ከፍቼ ከቁጥሩ ላይ የትናንቱንና የእኔን አንድ እቀንሳለሁ። በመጀመሪያው ቀን ዜሮ። በሁለተኛው ዜሮ። በሦስተኛው ቀን ቀነስኩና አንድ ተረፈኝ። ደግሜ ቀነስኩ። አንድ! ከሥጋ ቤቱ በር ላይ ቆሜ “አንድ ሰው መጣ” አልኩ፤ ባለ ሥጋ ቤቱ በጾም ማን ሊመጣ ነው ብሎ ወጥቶ መንገዱን አየ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሣጥኑ ውስጥ ደብዳቤ ገባ። ርእሱ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፤ ፊደል ቆጥሬ ነው ያነበብኩት። “ድንጋዩን አውርጂው” ይላል።

የጻፉት ላስታ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አንዲት ሴት ናቸው። እንግዶቻቸው ማታ ማታ በብርድ እያማረሩባቸው ለገና ወፍራም ብርድ ልብስ ሲፈልጉ ገጻችንን አገኙ፤ የዚያኑ ቀን ሁለት ጊዜ ጻፉ፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰባቸው። ተስፋ ቆርጠው ከወልድያ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ሊያዙ ነበር። ከማዘዛቸው በፊት የባናውን ቀለም ደግመው ለማየት ገጹን ሲከፍቱ ድንጋይ የተሸከመች ሴት አገኙ። “እኛም ላስታ ውስጥ ድንጋይ እንሸከማለን” ይላል ደብዳቤው፤ “ለማያውቁት ሰው ሲሸከሙ ግን አላየሁም። መጀመሪያም የጻፍኩት ሰላምታ ስለነበረው ነው፣ ሰላምታ አይታለፍም። እኛም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሠላሳ ባና ከገና በፊት ይደርሳል ወይ?”

አትሜው፣ ሲባጎ ላይ ሳልሰቅለው፣ በሩን ክፍት ትቼ ወጣሁ። ጋሪ ለመጠበቅ ትዕግሥት አልነበረኝምና ግማሹን መንገድ በሩጫ ሄድኩት። አጎቴ ቆመው ሰሙኝ። ሴትየዋ ሰላምታ የመለሱበትን ቦታ አስደገሙኝ። ከዚያ ጓዳ ገብተው ቆጠሩ፤ ያለው ሃያ ሁለት ነው። ኬሻውን ፈትተው መወርወሪያውን አወጡ፣ ሳንቃውን ከጉድጓዱ ላይ አነሡና እግራቸውን ሰደዱ። ሚስታቸው እንዝርታቸውን ይዘው አጠገባቸው ተቀመጡ። እኔ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ሳቅኩም።

ስምንቱ ባና ተሸምኖ ሠላሳው ሞላ፤ ወደ ላስታ በሚሄደው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ገና ሳይደርስ ደረሰ። በበዓሉ ማግስት ከማረፊያው ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ ከእንግዶቹ መካከል የራሳቸውን ይዘው መሄድ የፈለጉ አሉ፣ ሃያ ይጨመር ይላል። አናጢው እንጨቱን ሌላ ቦታ ፈለገ።

እኔም ልቤ ተመልሶ ለደንበኞቼ ሁሉ፣ ቢቀየሙም ባይቀየሙም፣ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሣጥን ከፈትኩ። በርበሬ ሻጯ እማማ ዘጠኙን ፎቶ ካዩ በኋላ የሚስጥር ቃላቸውን የልጅ ልጃቸውን የክርስትና ስም አደረጉት፤ በሳምንቱ ገበያ ለገበያ እየዞሩ ለሰው ሁሉ ነገሩት። ምን ላድርግ።

የቀረኝ አንድ ሥራ ነበር። ፎቶዬን ከገጹ ላወርድ መሆኑን ለአጎቴ ነገርኳቸው፤ ሴትየዋ አውርጂ ብለውኛል፣ ጣጣው አልቋል አልኩ። ከሽመናው ቀና አሉ።

“እንግዶቹ ሁለት አይደሉም እንዴ? ያኛው አውርጂ አለሽ?”

አላለኝም። ሴትየዋ በመጀመሪያው ጊዜ ገጹን የከፈቱት አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ሌላው ማን እንደነበር፣ ጽፎ ይመለስበት ወይም ዝም ብሎ አይቶ ይለፍ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፎቶውን ተውኩት። ገጹን በነፃ የሰጠን ድርጅት ከብዙ ዓመት በኋላ ሥራውን እስኪዘጋ ድረስ፣ አጎቴ ሲሸምኑ እኔ እዚያ ድንጋዬን ተሸክሜ ያን ሰው ስጠብቅ ኖርኩ።